በሕዋስ ገጽ ላይ ስላለው የስኳር ምልክት

ለአራዳና ለፒያሳ ነዋሪዎች የተዘጋጀ የጤና ትምህርት



በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በአዲስ አበባ ከየደጁ ጥራጊ እየሰበሰቡ ማጤስ ከአባቶች የተወረሰ ልማድ ነው፤ ቀኑም ኅዳር ሲታጠን ይባላል። የልማዱ መነሻ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከተማችንን የመታው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ እንደ ሆነ ይነገራል። በዚያ ወረርሽኝ በአዲስ አበባ ብቻ እስከ 10 ሺህ የሚደርስ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። አባቶቻችን በሽታው በክፉ አየር የመጣ ስለ መሰላቸው ደጃቸውን ጠረጉ፤ ጢስም አጨሱ። መጥረጋቸው መልካም ሥራ ነበረ። ነገር ግን በሽታው ሰውን የሚይዝበት እጀታ በደጅ ሳይሆን በራሱ በሰውየው ጉሮሮ ውስጥ እንደ ነበረ በዚያን ዘመን የሚያውቅ ሊቅ በዓለም ላይ አልነበረም። ያም እጀታ ስኳር ነው።

በዚህ ወር የምናቀርበው ትምህርት ስለዚሁ ስኳር ነው። ይኸውም በሰውነታችን ሕዋሳት ገጽ ላይ ባሉት ፕሮቲኖች ላይ ተቀጥሎ የሚገኘው ስኳር ምን እንደ ሆነ፥ የአንጎል ሕዋሳትና የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት እንዴት እንደሚያነቡት፥ ክፉዎች ተሐዋስያን እንዴት አስመስለው እንደሚለብሱት፥ በመጨረሻም ይህን ማወቅ ሕፃን ታቅፋ ለምትኖር እናት ምን እንደሚጠቅማት በየተራው እንገልጻለን። ነገሩ በመጀመሪያ ሲሰሙት ረቂቅ ይመስላል፤ ፍጻሜው ግን ከየቤታችን ደጅ የሚደርስ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። በውጭ አገር የተደረጉትን ነገሮች ዘመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ በአገራችን የተደረጉትንም በአገራችን አቆጣጠር ዓ.ም. እያልን እንጽፋለን።

1ኛ፤ ስኳሩ ከየት ይመጣል?

ስኳር የሚለውን ቃል የሰማ የፒያሳ ሰው ወዲያው የሚያስበው በኬክ ቤት ከማኪያቶ ጋር የሚቀርበውን ነጭ ስኳር ነው። የእኛ ነገር ከዚህ የተለየ መሆኑን አስቀድመን ማስረዳት ይገባናል። በሕዋስ ገጽ ላይ ያለውን ስኳር ሕዋሱ ራሱ ከምንበላው እንጀራ፥ ዳቦና ሌላ ምግብ እያወጣ ለራሱ በሚስማማ መልክ ይሠራዋል እንጂ ከስኒ ወደ ሕዋስ የሚሄድ አይደለም። ስለዚህ ጣፋጭ አብዝቶ የበላ ሰው ጥርሱን ይጎዳ እንደ ሆነ ነው እንጂ ይህን ምልክት አያበረታም።

የሰው ሰውነት ቊጥራቸው እጅግ ብዙ በሆነ ሕዋሳት የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ በስስ የስብ ሽፋን የተከበበ ሲሆን በሽፋኑ ላይ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች ተተክለው ይገኛሉ። በብዙዎቹ ፕሮቲኖች ላይ ደግሞ የስኳር ሰንሰለት እንደ ስንዴ ዘለላ ወደ ውጭ ተቀጥሏል። ሰንሰለቱ የሚሠራው ከጥቂት ዐይነት ስኳሮች ነው፤ ከእነርሱም ማኖስ፥ ጋላክቶስ፥ ፉኮስና ሲያሊክ አሲድ የሚባሉት ይገኙባቸዋል። ጥቂት ፊደላት በልዩ ልዩ መንገድ ሲጻፉ ብዙ ቃላት እንደሚወጣቸው ሁሉ፥ እነዚህም ጥቂት ስኳሮች በልዩ ልዩ ተራ ሲቀጣጠሉ እጅግ ብዙ ምልክቶችን ይሰጣሉ።

ፒያሳ የሚለው ስም ከኢጣልያ ቋንቋ እንደ መጣ ሁሉ፥ የሰንሰለቱ ሥራ የሚጠናቀቅበት የሕዋስ ክፍልም በአንድ ኢጣልያዊ ሊቅ ስም ይጠራል። ካሚሎ ጎልጂ በ1898 የነርቭ ሕዋስን በማጉያ መነጽር ሲመረምር በውስጡ መረብ የሚመስል ነገር አየ። ዛሬ ጎልጂ የሚባለው ይህ ክፍል እንደ ወርቅ ሠሪ ቤት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ፒያሳ ስሟ የታወቀው በወርቅ ቤቶቿ ስለ ሆነ ምሳሌው ለአንባቢዎቻችን ግልጽ ነው። ወርቅ ሠሪ ቀለበቱን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ የካራቱን ቊጥር በላዩ እንደሚመታበት፥ ሕዋስም ፕሮቲኑን ከሠራ በኋላ በኤንዛይሞች አማካይነት ስኳሩን አንዱን ካንዱ እያስከተለ ይቀጥልበታል። ከዚያ በኋላ ፕሮቲኑ ወደ ሕዋሱ ገጽ ይወጣና ለሚያነበው ሁሉ ይታያል።

አንዲት ስኳር ብቻ ምን ያኽል ለውጥ እንደምታመጣ ለማስረዳት ከደም ዐይነት የሚበልጥ ምሳሌ የለም። የቪየናው ሐኪም ካርል ላንድስታይነር በ1901 የሰው ደም በልዩ ልዩ ዐይነት እንደሚከፈል አስታወቀ። ከጊዜ በኋላ ሲመረመር የኤ እና የቢ ደም ልዩነት በቀይ የደም ሕዋስ ገጽ ላይ ባለው ሰንሰለት ጫፍ የምትገኝ አንዲት ስኳር እንደ ሆነች ታወቀ። ኤ የሆነ ሰው አሴቲል ጋላክቶሳሚን የተባለው፥ ቢ የሆነ ሰው ጋላክቶስ የተባለው ስኳር በጫፉ ላይ አለው፤ ኦ የሆነ ሰው ከሁለቱ አንዱም የለውም። የማይስማማ ደም ለሕመምተኛ ቢሰጥ የሕመምተኛው ሰውነት ይህችን አንዲት ስኳር አይቶ እንግዳውን ደም ያጠፋል፤ ሰውየውም በዚህ ምክንያት ሊሞት ይችላል። ወንድም ለወንድሙ ደም ሊሰጥ ሲመጣ አስቀድሞ ምርመራ የሚደረግለት ስለዚህ ነው።

2ኛ፤ ተከላካዮቹ ምልክቱን እንዴት ያነባሉ?

በጥንቱ ዘመን የዚህን ሰፈር ገበያና መንገድ የሚጠብቀው የከተማ ጠባቂ የአራዳ ዘበኛ ይባል ነበር። ዘበኛ የሰውን ልብ ማየት ስለማይቻለው ወዳጅን ከጠላት የሚለየው በውጭ በሚያየው ምልክት ነው። የሰውነታችንም ዘበኞች ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። እነርሱም የሕዋሱን ውስጥ ማየት ስለማይችሉ በገጹ ላይ ያለውን ምልክት ያነባሉ።

ከምልክቶቹ ሁሉ ዋነኛው ሲያሊክ አሲድ ነው። ይህ ስኳር በአብዛኛው በሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ይገኛል። በነጭ የደም ሕዋሳት ገጽ ላይ ሲግሌክ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ሥራቸውም ሲያሊክ አሲድን መጨበጥ ነው። ዘበኛው ሕዋስ በሲግሌኩ ሲያሊክ አሲድን በጨበጠ ጊዜ፥ ይህ የቤት ሰው ነው፤ አትምታው፤ የሚል ትእዛዝ እንደ ደረሰው ያኽል ይታገሣል። ያረጀ ወይም የተጎዳ ሕዋስ ሲያሊክ አሲዱ በተገፈፈ ጊዜ ግን ምልክቱ ስለ ጠፋበት ተይዞ ይወገዳል። በዚህ ዐይነት ሰውነት በየቀኑ ራሱን ያጸዳል።

ስኳሩ ዘበኞቹን ወደ ሥራ ቦታቸው ለማድረስም ያገለግላል። ጣታችን በሚስማር ቢወጋና ተሐዋስያን ቢገቡበት በዚያ አካባቢ ያሉት የደም ሥሮች ሴሌክቲን የሚባሉ ፕሮቲኖችን በውስጥ ግድግዳቸው ላይ ያወጣሉ። ነጭ የደም ሕዋስም በደም ጎርፍ ሲያልፍ በገጹ ላይ ባለው ፉኮስና ሲያሊክ አሲድ በያዘ ሰንሰለት ከሴሌክቲኑ ጋር እየተያያዘ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በግድግዳው ላይ ይንከባለላል፤ ኋላም ቆሞ ወደ ቊስሉ ይገባል። ስኳሩ ባይኖር ዘበኛው አደጋ የደረሰበትን ቤት እያየ በደጁ በሩጫ ባለፈ ነበር።

እዚህ ላይ የኅዳሩን በሽታ እናስታውስ። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በአየር መተንፈሻ አካላት ሕዋሳት ላይ ያለውን ይህንኑ ሲያሊክ አሲድ ጨብጦ ወደ ሕዋሱ ይገባል። በ1941 ጆርጅ ኸርስት የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ቫይረሱ የዶሮን ቀይ የደም ሕዋሳት አያይዞ እንደሚያረጋ ተመለከተ፤ ከዚያም በተከተለው ምርመራ የሚያያይዛቸው ይህ ስኳር መሆኑ ተረጋገጠ። እንግዲህ የቤት ሰው መታወቂያ የሆነው ምልክት ለሌባው ደግሞ የበር እጀታ ሆኖት ተገኘ ማለት ነው።

3ኛ፤ ስኳሩ በአንጎል ውስጥ ምን ይሠራል?

በእናቱ ማኅፀን ያለ ሕፃን አንጎል በሚሠራበት ጊዜ የነርቭ ሕዋሳት ከተወለዱበት ቦታ ተነሥተው ወደሚኖሩበት ስፍራ ይጓዛሉ፤ ረጃጅም ክሮቻቸውንም እየዘረጉ ጓደኞቻቸውን ይፈልጋሉ። ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው የሚያያዙበት አንድ የታወቀ ፕሮቲን በገጻቸው ላይ አለ። ሕዋሳቱ ገና በጉዞ ላይ ሳሉ በዚህ ፕሮቲን ቢጣበቁ ግን ጉዞው ይሰናከላል። ስለዚህ በፕሮቲኑ ላይ እጅግ ረጅም የሆነ፥ አንዱ ሲያሊክ አሲድ በሌላው ላይ እየተቀጠለ የተሠራ ሰንሰለት ይደረግበታል። ይህ ሰንሰለት ውሃ ስለሚስብና ቦታ ስለሚይዝ ሕዋሳቱን ያራርቃቸዋል፤ እንደ ልብ እንዲንቀሳቀሱም ያደርጋቸዋል።

ሕፃኑ ከተወለደና አንጎሉ ከተደራጀ በኋላ ሰንሰለቱ በአብዛኛው የአንጎል ክፍል እየቀነሰ ይሄዳል። የሚቀረው አዲስ ነገር በሚማሩና በሚለዋወጡ ጥቂት ክፍሎች፥ ለምሳሌም ለማስታወስ በሚያገለግለው ክፍል ነው። ሰንሰለቱን የሚሠሩት ኤንዛይሞች የጎደሏቸው አይጦች ሲመረመሩ የአንጎላቸው የነርቭ መንገዶች ተዛብተው ተገኝተዋል።

አንጎል የራሱ ዘበኞችም አሉት። ስፔናዊው ሊቅ ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ በ1919 ማይክሮግሊያ የሚባሉትን የአንጎል ሕዋሳት ለይቶ አስታወቀ። እነዚህ ሕዋሳት አንጎልን እየዞሩ ይጠብቃሉ፤ የሞተውን ያነሣሉ፤ የማያስፈልገውን የነርቭ ግንኙነት ይቈርጣሉ። እነርሱም በሲግሌክ አማካይነት በነርቭ ሕዋሳት ላይ ያለውን ሲያሊክ አሲድ እያነበቡ ጤነኛውን ይተዋሉ። ንባቡ ሲዛባ አንጎል ይጎዳል። ከሲግሌኮች አንዱን በሚሠራው ዘር ላይ የሚታይ ልዩነት በእርጅና ዘመን ከሚመጣው የመርሳት በሽታ ጋር ግንኙነት እንዳለው በ2011 የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል።

ደምም፥ ዘበኞቹም፥ አንጎልም በአንድ ስኳር እንደሚተሳሰሩ የሚያስረዳ አንድ ብርቅ በሽታ አለ። በ1992 ስለ ሁለት ሕፃናት የወጣ የሕክምና ጽሑፍ ልጆቹ በተደጋጋሚ በተሐዋስያን እንደሚጠቁ፥ የአእምሮአቸውም እድገት ወደ ኋላ እንደ ቀረ፥ የደማቸውም ዐይነት እጅግ ያልተለመደ እንደ ሆነ ገለጸ። ሦስቱ ነገሮች የማይገናኙ ይመስሉ ነበር። ምክንያታቸው ግን አንድ ነው፤ የልጆቹ ሕዋሳት ፉኮስ የተባለውን ስኳር ወደ ጎልጂ ማስገባት አልቻሉም። ፉኮስ ከሌለ የደሙ ምልክት ይጎድላል፤ ነጩ የደም ሕዋስ በደም ሥር ግድግዳ ላይ መያዝ ያቅተዋል፤ የአንጎልም ሥራ ይሰናከላል። ይህ በሽታ ካለባቸው ልጆች አንዳንዶቹ ፉኮስ በአፍ ሲሰጣቸው የተሐዋስያኑ ጥቃት ቀንሶላቸዋል። ይህ ሕክምና ለዚህ ብርቅ በሽታ ብቻ የተገኘ ስለ ሆነ ሌላ ሰው ሊሞክረው አይገባም።

4ኛ፤ የሐሰት ምልክት የለበሱ ተሐዋስያን

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ደርሰናል። የቤት ሰው በምልክት የሚታወቅ ከሆነ ምልክቱን አስመስሎ የሠራ ሌባ ዘበኛውን አታልሎ ያልፋል። ማጅራት ገትርን የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ሥራ ይህንኑ የመሰለ ነው።

ማጅራት ገትር አንጎልንና የጀርባ አጥንት ውስጥ ያለውን ነርቭ የሸፈነው ስስ ሽፋን ሲቈጣ የሚመጣ በሽታ ነው። ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች መካከል የታወቁት ሜኒንጎኮከስ፥ ኒሞኮከስና ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ዐይነት ቢ ናቸው፤ የመጨረሻው በስም ቢመሳሰልም ከኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ፈጽሞ የተለየ ነው። ሦስቱም በላያቸው ከስኳር ሰንሰለት የተሠራ ካባ ይለብሳሉ። ካባው ነጭ የደም ሕዋስ እንዳይውጣቸው ያዳልጣል፤ በውስጡ ያለውንም ፕሮቲን ይሸፍናል።

ሜኒንጎኮከስ እንደ ካባው ዐይነት ኤ፥ ቢ፥ ሲ፥ ደብሊው፥ ኤክስ፥ ዋይ እየተባለ ይከፈላል። ከእነዚህ ውስጥ የቢ ካባ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በ1983 የፊንላንድ ሊቃውንት፥ ዩካ ፊነና ባልደረቦቹ፥ የቢ ካባ በማደግ ላይ ባለ አንጎል ከሚገኘው የሲያሊክ አሲድ ሰንሰለት ጋር እንደሚመሳሰል አስታወቁ። አራስ ሕፃናትን በማጅራት ገትር የሚገድለው ኬ 1 የተባለው የአንጀት ባክቴሪያም ይህንኑ ካባ ይለብሳል። እንግዲህ የሰውነት ተከላካይ ይህን ባክቴሪያ ሲያይ የሚያየው የገዛ አንጎሉን ምልክት ነው። ተከላካዩ የራሱን አንጎል እንዳይወጋ የተማረ ስለ ሆነ ባክቴሪያውንም ቸል ይለዋል። በዚህ ምክንያት ለቢ ዐይነት ከካባው ክትባት መሥራት አልተቻለም፤ ቢቻልም አንጎልን ይጎዳል የሚል ሥጋት ነበረ። መፍትሔ የተገኘው ስኳሩን ትቶ ከካባው ሥር ባሉት ፕሮቲኖች ክትባት በመሥራት ነው፤ ይህም ክትባት በ2013 በአውሮፓ ተፈቀደ።

አገራችንን ከሁሉ የበለጠ የጎዳት ግን ኤ የተባለው ዐይነት ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ላፔይሶኒ በ1963 የማጅራት ገትር መቀነት ብሎ የሰየመው ምድር ከሴኔጋል ተነሥቶ እስከ ኢትዮጵያ ይደርሳል። በዚህ መቀነት በበጋ ወራት በሽታው በየጊዜው ይነሣ ነበር። በአገራችንም በ1973 እና በ1981 ዓ.ም. በተነሡት ታላላቅ ወረርሽኞች በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው ታሟል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በባክቴሪያ በሚመጣው ማጅራት ገትር ከሚያዙት 6 ሰዎች 1 ይሞታል፤ ከ5 ደግሞ 1 ሰው ጆሮ እንደ መደንቈር፥ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ጉዳት የመሰለ ከባድ ጠባሳ ይተርፈዋል።

5ኛ፤ ስኳርን ከፕሮቲን ጋር ማሰር

የኤ ካባ የአንጎልን ምልክት ስለማይመስል በእርሱ ላይ ክትባት ለመሥራት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሌላ ችግር ነበረ። ንጹሕ የስኳር ካባ ብቻውን ለሕፃን ቢከተብ ሕፃኑ አይጠበቅም። ምክንያቱም እንዲህ ነው። አንቲቦዲ የሚሠሩት ሕዋሳት ጠንካራና ዘለቄታ ያለው ሥራ የሚሠሩት ከቲ ሕዋሳት እርዳታ ሲያገኙ ነው። ቲ ሕዋሳት ደግሞ በአብዛኛው የሚያነቡት የፕሮቲንን ቊራጭ እንጂ ስኳርን አይደለም። አዋቂ ሰው ያለ እነርሱ እርዳታ ለጥቂት ዓመታት የሚቈይ መከላከያ ከስኳሩ ሊያገኝ ይችላል፤ ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ግን ይህን ለማድረግ ገና አልጠነከረም። በሽታውም አብዝቶ የሚገድለው እነዚህኑ ታናናሾች ነው።

መንገዱን የከፈቱት ኦስዋልድ ኤቨሪና ዋልተር ጎቤል ናቸው። እነርሱም በ1929 ገደማ በኒው ዮርክ በሮክፌለር ተቋም ስኳርን ከፕሮቲን ጋር በኬሚካል አስረው ቢከትቡ ሰውነት ያንን ስኳር መለየት እንደሚማር በእንስሳት አሳዩ። ሕዋስ በጎልጂ ውስጥ ዘወትር የሚሠራውን ሥራ፥ ማለት ስኳርን በፕሮቲን ላይ መቀጠልን፥ ሰው በቤተ ሙከራ ሠራው። ፕሮቲኑ ቲ ሕዋሳትን ይጠራል፤ እነርሱም መጥተው ለስኳሩ የሚሆነውን መከላከያ ያጠነክራሉ። ይህን መንገድ በመከተል በሂሞፊለስ ላይ የተሠራ የታሰረ ክትባት በ1987 በአሜሪካ ተፈቀደ።

በአገራችንም ይህ እውቀት ሥራ ላይ ውሏል። በሂሞፊለስ ዐይነት ቢ ላይ የሚሠራው ክትባት ከሌሎች አራት ክትባቶች ጋር ተቀላቅሎ በ1999 ዓ.ም.፥ የኒሞኮከስ ክትባት ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ለሕፃናት መሰጠት ጀመረ። በሜኒንጎኮከስ ኤ ላይ በህንድ አገር የተሠራው ክትባት ካባውን ከቴታነስ ክትባት ፕሮቲን ጋር ያሰረ ነው። ይህም በ2010 በቡርኪና ፋሶ ተጀምሮ ወደ አገራችን ደረሰ፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮም በየተራው በዘመቻ ተሰጠ። በመቀነቱ አገሮች ከ300 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ተከተበ። ውጤቱም በግልጽ ታየ፤ ከ2017 ወዲህ በመቀነቱ ውስጥ በቤተ ሙከራ የተረጋገጠ የኤ ዐይነት በሽታ አልተገኘም። ይሁን እንጂ ሲ፥ ደብሊውና ኤክስ የተባሉት ዐይነቶች አሁንም ወረርሽኝ ያስነሣሉ፤ ኒሞኮከስም አልጠፋም። አምስት ዐይነቶችን በአንድ ጊዜ የሚከላከል አዲስ ክትባት በ2024 በናይጄሪያ በሥራ ላይ መዋል ጀምሯል።

6ኛ፤ የአራዳ ቤተሰብ ሊያደርገው የሚገባ

ከዚህ በላይ የተገለጸው ትምህርት በተግባር ሲተረጐም እንደሚከተለው ይሆናል።

ሀ) እናት ሕፃኗን በተወለደ በ6፥ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳ ታስከትብ። የሂሞፊለስና የኒሞኮከስ ክትባት የሚሰጠው በእነዚህ ቀኖች ነው፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያም ያለ ክፍያ ይሰጣል። አንዱን ተከትቦ ሁለቱን የተወ ሕፃን ዘበኞቹ ምልክቱን ጀምረው ትምህርቱን ሳይጨርሱ የቀሩ ስለ ሆነ በሚገባ አይጠበቅም። ቀኑ ያለፈበት ሕፃን ቢኖር አልፎበታል ተብሎ አይተው፤ ዘግይቶም ቢሆን ይምጣ።

ለ) በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳና ከአካባቢው ብዙ ቤተሰብ ወደ ሌላ ሰፈር መዛወሩ ይታወቃል። ቤት ሲለወጥ ዕቃው ሁሉ ተቈጥሮ ይጫናል፤ የሕፃኑ የክትባት ካርድ ግን ተረስቶ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የተዛወረ ቤተሰብ በአዲሱ ሰፈር ወዳለው ጤና ጣቢያ ካርዱን ይዞ ቢሄድ ክትባቱ ከቆመበት ይቀጥልለታል። ካርዱ ቢጠፋም ሕፃኑን ይዞ ከመሄድ ወደ ኋላ አይበል። ጎረቤት የነበሩትም ሰዎች በእድር ወይም በለቅሶ ሲገናኙ ይህን ነገር እርስ በርሳቸው ቢያስታውሱ ታላቅ በጎ ሥራ ነው።

ሐ) በሽታው የሚተላለፈው ከአፍና ከአፍንጫ በሚወጣ እርጥበት ስለ ሆነ፥ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቤት መስኮት ይከፈት፤ የሚያስል ሰው አፉን ይሸፍን፤ በአንድ ብርጭቆ ለብዙ ሰው መጠጣት ይቅር። አራስን የሚያገለግል ሁሉ ሕፃኑን ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ከላይ የጠቀስነው የአንጀት ባክቴሪያ በእጅ ሊተላለፍ ይችላልና።

መ) ድንገተኛ ትኩሳት፥ ኃይለኛ ራስ ምታት፥ የአንገት መገተር፥ ማስመለስ፥ ብርሃን መጥላት፥ መቃዠት ወይም መንፈራገጥ የታየበት ሰው በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይወሰድ። ታናሽ ሕፃን አንገቱ ሳይገተርም ሊታመም ይችላል፤ ስለዚህ ጡት እንቢ ማለቱን፥ መፍዘዙን፥ ልቅሶው መለወጡን፥ እርግብግቢቱም ማበጡን ልብ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል። ምች ነው ብሎ ዳማ ከሴ እየጨመቁ ሌሊቱን ማሳለፍ ብዙ ሕይወት የሚያስጠፋ ነገር ነው። ዳማ ከሴው ለሌላ ጊዜ ይቈይ፤ ይህ በሽታ በቀን ሳይሆን በሰዓት የሚቈጠር ነው። ከሕመምተኛው ጋር በአንድ ቤት የኖሩትም መድኃኒት ያስፈልጋቸው እንደ ሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ከመድኃኒት ቤት በራሳቸው ፈቃድ ገዝተው አይውሰዱ።

የ1911 ዓ.ም. ሰዎች በሽታው የቱን እጀታ እንደ ጨበጠ ሳያውቁ የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ። እኛ እጀታውን አውቀናል፤ ሌባው የለበሰውንም ካባ አውቀናል፤ ዘበኛውን የሚያስተምረው ክትባትም በቅርባችን ይገኛል። የቀረው ሕፃኑን ታቅፎ በቀኑ መሄድ ብቻ ነው።

መልመጃ

ማንበብ የሚችል ለማይችለው ቤተሰቡና ጎረቤቱ ይህን ጽሑፍ ካነበበለት በኋላ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ይጠይቀው ዘንድ አደራ እንላለን።

1. በሕዋስ ገጽ ላይ ያለው ስኳር ከስኒ ስኳር በምን ይለያል?
2. የኤ ደምና የቢ ደም ልዩነት ምንድን ነው?
3. የነጭ የደም ሕዋስ ሲግሌክ ሲያሊክ አሲድን ሲጨብጥ ምን ያደርጋል?
4. በማኅፀን ያለ ሕፃን የአንጎል ሕዋሳት ረጅሙን የሲያሊክ አሲድ ሰንሰለት ለምን ይለብሳሉ?
5. ንጹሕ የስኳር ካባ ለታናሽ ሕፃን ክትባት የማይሆነው፥ ከፕሮቲን ጋር ሲታሰር ግን የሚሆነው ለምንድን ነው?
6. በቤታችሁ ያለው ሕፃን የሚቀጥለው የክትባት ቀኑ መቼ ነው? ካርዱስ የት ተቀምጧል?

ከሁሉ ይልቅ የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ዛሬውኑ ይፈለግ።